ኤሊዋና ፍሊቱ

የፍሊቱን ጣሳ ይዤ ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ አልኩ፤ በረሮው በዝቷል። ገና አንዴ እንደነፋሁት ሽታው ሰነፈጠኝና ደብረ ታቦር ያደግኩበት ጓሮ ድቅን አለብኝ።

አባባ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን ከእብናት ቆላ ሲመለሱ ኤሊ ይዘውልኝ መጡና በድንጋይ አጠርንላት። ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ሳያት፣ ያስተረፈችው ጎመን ጉንዳን ጠርቶ፣ ጉንዳኑ አጥሩን ሞልቶታል። አንገቷን ቀብራለች፤ ጉንዳኑ ግን ዓይኗ ድረስ ገብቷል። ሮጬ የፍሊቱን መንፊያ አመጣሁ። አባባ ከእጄ ወሰዱት።

«ቁንጫ ሲበዛብን ፍሊት ነፍተን እኛ ደጅ እንውላለን» አሉኝ። «እሷ ቤቷን አዝላ የት ትሂድ?»

ስለ ጀርባዋ ድንጋይ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ኤሊዋን አውጥተው ጉንዳኑን በእጃቸው እየለቀሙ አራገፉላት፤ እኔ የበሰበሰውን ጎመንና እርጥቡን ጭድ ጠርጌ ጣልኩ። የጉንዳኑ ጉድጓድ ላይ የፈላ ውሃ ደፉበት። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከአጥሩ ውጭ ዙሪያውን አመድ ነሰነሱና ደረቅ ጭድ ጎዝጉዘው መለሷት። በማግስቱ አንገቷን አስግጋ ጎመኗን ስትገምጥ አገኘኋት።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አሉ አሁን አባባ ከበላዬ፣ ከአልጋው ላይ። እግራቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ካልደገፏቸው አይነሱም።

ጣሳውን አስቀምጬ መስኮቱን ከፈትኩ። ክንዳቸውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ቤቱን ልጠርግ ነው አባባ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ደጅ እንውጣ።»