የካቦው እግር

ልጆቹ ንገሪን ካሉኝ ሰነባብተዋል። በተለይ ሆስፒታል ሰው የምታማክረው የልጅ ልጄ፣ "እማማ፣ ወንዶቹ በቃሬዛ ካልሆነ አይመጡም፤ ምን ይሻላል?" ብትለኝ ይሄ ትዝ አለኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ እሷ ትጽፋለች።

በደርግ ጊዜ ነው። ላንቴ የሚባል መንደር፣ ሰው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ያዙንና በጭነት መኪና አርባ ምንጭ እስር ቤት አመጡን። ሴቶቹን ያስገቡን ክፍል ቀድሞ እህል የሚከማችበት ኖሯል፤ ስተኛ የነቀዘ በቆሎ ጎኔን ይቆረቁረኛል። ሙቀቱንስ ተዉት። የዶርዜ ሰው ነኝ፣ ብርድ ነው የማውቀው።

እዚያ ሴቶች እንፈትላለን፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ በአገራችንም እንደዚያው ነው። ፈትሉን ወደ ወንዶቹ ግቢ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፣ ዘበኛ እያየኝ። ከሸማኔዎቹ አንዱ የአገሬ ልጅ ነው። ሸማኔ መቼም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ ከጉልበቱ በታች አይታይም። ሌሎቹ ሊናፈሱ ሲነሱ ይሄ ሰው ከጉድጓዱ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ጠጋ ብል ሽታው መጣ። ዝንብ ወሮታል።

"እግርህን ምን ሆንክ?" አልኩት በጋሞኛ።

"ምንም።"

"ዝንብ ምንም ላይ አያርፍም።"

"እቴ፣ ፈትልሽን አስቀምጪና ሂጂ።"

ለካ ሲመረምሩት ውስጥ እግሩን ገርፈውት ቁስሉ አመርቅዟል። ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው፣ እኮ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ "የታመመ አለ?" ሲል ወንዶቹ ግድግዳውን ያያሉ። ቀደም ሲል አንዱ ሆዴን ብሎ ቢወጣ፣ ካቦው "ለእመጫቷ ገንፎ አገንፉላት" አለ። ካቦው እሱም እስረኛ ነው፣ በእስረኞቹ ላይ አለቃ የተደረገ፤ የድሮ ወታደር፣ አንገቱ የበሬ። የዚያ ሰውዬ ስም እመጫት ሆኖ ቀረ።

ፈትሉን የሚረከበኝ ካቦው ስለሆነ፣ በማግስቱ እያስረከብኩት፣

"ጋሼ፣ ያ ሸማኔ እግሩን ሊያጣ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ለምን አይናገርም? አፍ የለውም?"

"ገንፎውን ፈርቶ።"

ፈትሉን በእጁ መዘን መዘን አደረገና "ሂጂ" አለኝ። ቀልቤ አልወደደውም፤ ሲመሽ ለሱም ለሸማኔውም ጸለይኩ።

ድሬሰሩ የመጣ ቀን ግቢው ውስጥ ነበርኩ። "የታመመ አለ?" አለ እንደ ልማዱ። ካቦው ተነሳ። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀና እግሩን ዘረጋ።

"እኔን እየኝ። እግሬን አሞኛል።"

ከኋላ አንዱ ደፍሮ፣ "ካቦ፣ አንተም ወለድክ እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ መንታ። ሳቅህን ጨርስና ተራ ያዝ።"

ሳቁ፤ ደግ ሳቅ ነበር። ድሬሰሩ የካቦውን እግር በነጭ ጨርቅ ሲጠቀልል አንዱ ጆሮዬን አለ፣ አንዱ ሽንቴ ያቃጥለኛል አለ፣ እመጫት የሚሉትም ወጣ። መጨረሻ ላይ ሸማኔው በእጆቹ ተመርኩዞ ከጉድጓዱ ሲወጣ፣ ሁለት ሰዎች ሮጠው ብብቱን ያዙት። ካቦው ድንጋዩን ለቀቀለት። ቁስሉ ሲታጠብ ከንፈሩን ሲነክስ አይቶ፣

"ካመመህ ጩህ" አለው።

ጮኸ። ማንም አልሳቀም።

ሸማኔው ዳነ፤ ተፈትቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ አረጀ። ለልጅ ልጄም የምላት ይህንኑ ነው፤ ወንዱን ለብቻው ታመሃል ወይ አትበዪው፤ ይስቅብኛል ብሎ የሚፈራውን ሰው ፈልጊና መጀመሪያ እሱን አስቀምጪው። ሞክራዋለች። መጀመሪያ የባጃጅ ነጂዎቹ አለቃ ደም ግፊቱን ተለካ፤ አሁን ሌሎቹም በእግራቸው እየመጡ ነው ትለኛለች።

ካቦው የት እንደደረሰ አላውቅም። ድሬሰሩን ግን ከስንት ዓመት በኋላ እዚሁ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ አገኘሁት፣ ሸብቷል። የዚያ ካቦ እግርስ ዳነ ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

"ምኑ ይዳን? ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ጎንበስ ስል በጆሮዬ፣ ዝም ብለህ ጠቅልል ነው ያለኝ።"