በስሜ የወጣው የመያዣ ወረቀት

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ቀን ግን ሰውነቴ ራሱ ያስታውሳታል።

ነገሌ ቦረና ውስጥ ሐጂ ኢብሮ የሚባሉ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ እሠራ ነበር። ቆዳ ላይ ጨው ስነሰንስ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«አካም፣ ናጋ?» አልኩት። ሰላምታዬን አልመለሰም።

«ጋልገሎ ዲዳ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ተነሣ። ሰው ገድለሃል፤ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶብሃል።» ማህተም ያለበት ወረቀት አሳየኝና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ጌታዬ፣ ማንን ነው የገደልኩት?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ ልንገርህ?»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወረቀቱን ቢሰጠኝም ለኔ ያው ነው። ሰው የገደለ እንደሚሰቀል ግን ሰምቻለሁ።

ሐጂ ከውስጥ ወጡ። «ወረቀቱ ከፍርድ ቤት አይደል የወጣ? ወደ እስር ቤት ስትወስደው እኔም ልምጣና በዚያ እንለፍ፤ መነሻውን እንይ» አሉት።

«ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ጠበቃ ሆኑ?»

«እኔ ቆዳ እንኳ ሳላገላብጥ አልገዛም።»

ፖሊሱ ሳቀና እሺ አለ።

በመንገድ ላይ ዓይኔ ቁጥቋጦውን ያያል። ሮጬ ሞያሌ ብደርስ፣ ድንበሩን ብሻገር እያልኩ አስባለሁ። ሐጂ ገብቷቸው ኖሮ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ብትሮጥ ገድያለሁ ማለትህ ነው» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ መነጽራም ሽማግሌ ነበሩ። ፖሊሱ «መዝገብ ለሱ ይታያል እንዴ?» ቢላቸው፣ «የተከሰሰበትን ካልሰማ በምን አፉ ይመልሳል?» ብለው መዝገቡን ከመደርደሪያ አወረዱ። እሳቸው ያነባሉ፤ የመዝገቡ አማርኛ ስለከበደኝ ሐጂ ያስተረጉሙልኛል።

ሟች አሬሮ በሚባል አገር፣ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ በጦር ተወጋ ይላል። በዚያ ወር አሬሮ ቆዳ ልገዛ ሄጄ ነበር። ገዳዩ ረጅም፣ ቀጭን ነው ይላል። እኔም ረጅም፣ ቀጭን ነኝ። ሐጂ ማስተርጎማቸውን አቁመው አንዴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከሁሉ የበለጠ ያ አስተያየት አስፈራኝ።

ጸሐፊው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አቆሙ። «ጎሳህ ማነው?»

ነገርኳቸው። ደግመው አነበቡና የመያዣውን ወረቀት ከፖሊሱ ተቀብለው አስተያዩት።

«ምስክሩ ቦረና ነው፤ የገዳዩን ስም ከነጎሳው ተናግሯል። ጎሳው ያንተ አይደለም። ትእዛዙን የጻፈው ሰው ወረቀቱ ላይ የጎሳ ቦታ ስላጣ ትቶታል።»

እኛ ቦረናዎች ዘንድ ማታ የተወለደ ሁሉ ጋልገሎ ነው። የአባቱም ስም ዲዳ የሚባል ስንት አለ! የምንለያየው በጎሳ ነው።

ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ዳኛው ዘንድ አስገቡን፤ ዳኛውም ሐጂን ዋስ አድርገው ለቀቁኝ። በሳምንቱ ምስክሩ ከአሬሮ መጣ፤ ፊቴን አየና «ይህ አይደለም» አለ። ያኛው ጋልገሎ ይያዝ፣ አይያዝ አልሰማሁም።

ጸሐፊው መዝገቡን ባያወርዱ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እባንናለሁ። ጤና ጣቢያ ስሜ ሲጠራ ወዲያው አልነሣም፤ ሌላ ሰው ይነሣ እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ።

«አባባ፣ አይሰሙም እንዴ?» ትለኛለች ነርሷ።

«እሰማለሁ ልጄ» እላትና ስሜን ከነጎሳዬ እነግራታለሁ። ፈገግ ትላለች እንጂ አትጽፈውም። የሷም ወረቀት ቦታ የለውም።