ዘሩን ያስፈለፈሉት አርቆ አሳቢው አጎቴ

ትናንት ረፋድ ላይ ወረታ፣ የሩዝ መፈልፈያው ደጅ አንድ ባዶ ጆንያ ተጥሎ አየሁ። አፉ የተሰፋበት ቀይ ክር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። የሰፋሁት እኔ ነኝ...

ሮጬ ገባሁ። አጎቴ አያ ደምሌ ከማሽኑ ሥር ቆመው ነጩን ሩዝ በእጃቸው እየዘገኑ ያያሉ።

«አያ፣ ይኸ እኮ ዘር ነው።»

«ነበር» አለ ባለማሽኑ፣ እየሳቀ።

ዘሩ እንዲህ ነው የተገኘ። ካቻምና የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳችን ላይ ሲተኛ ሩዙ ሁሉ በሰበሰ። ከአንድ ጥግ ያለው ብቻ ውሃውን ችሎ አፈራ። ዛላውን ለቅሜ ለብቻው ወቃሁት፤ ዘርቼም አበዛሁት። ግብርና ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ እናቴ ቤት ስመለስ ተስፋ ያደረግሁት እሱን ነበር። የተፈለፈለ ሩዝ ደግሞ ይበላል እንጂ አይበቅልም።

«እናትሽ ናት ያወጣችልኝ» አሉ አያ። «ያባትሽ ተዝካር ደረሰ። በጤፍ ብቻ ያን ሁሉ ሰው እናበላለን?»

«ጎተራ ውስጥ ሌላ ሩዝ አለ እኮ።»

«እሱንማ ሆን ብዬ ተውኩት። ክረምቱን ምን ልትበሉ? እኔ አርቄ ነው የማስብ።»

«በሰኔስ ምን እንዝራ?»

«ተምረሽ የለ? አንች ታውቂያለሽ እንጂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደሞስ በሰኔ አንች እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ከአንበሳሜ ሽማግሌ ተልኮልሻል። ደህና ቤት ነው። እሽ ብያለሁ» አሉኝ።

«ማንን ጠይቀው?»

«ላንችው አስቤ ነው፣ ልጄ።»

ባለማሽኑ ሞተሩን አጠፋና «እንዲህ አርቆ የሚያስብ አጎት ማን አለው?» አለ። አላገጠ እንዳልል ከልቡ ነው።

ከማሽኑ አፍ የቀረ ካለ ብዬ እጄን ሰደድኩ። የተሰባበረ ፍሬ ብቻ ነው ያገኘሁት። አያ ሩዙን አሸክመው ወጡ።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። «ላባትሽ ነፍስ ሲሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ። ስለ ሽማግሌዎቹ ግን ቀድማ ታውቅ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ያንኑ የሚበሰብሰውን እንዘራለን፤ ርብም እንደ ልማዱ ይመጣል። ይኸን የምመልስበት መላ የለኝም። ነገር ግን እኔን ሳይጠይቁ ያሰቡልኝን የነገ ኑሮ፣ አያም ቢያመጡት እናቴም ብታለቅስበት፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።