የጎደለው አስራ ሶስት ቁጥር መፍቻ

ትናንት ጠዋት... ሸዋሮቢት ወንዙ ዳር ያለው የሽንኩርት ማሳዬ ላይ የውሃ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንገራግሮ ቀጥ አለ። ሽንኩርቱ ውሃ ካየ አምስት ቀን አልፎታል። በዚህ ሙቀት አንድ ቀን ከተጨመረበት አለቀለት።

ጀውሃ ላለው መካኒክ ልደውል ስል ሙሉ የምትባለው ልጄ እጄን ያዘችኝ። አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ትማራለች፤ ለእረፍት መጥታ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ልፍታው።»

«ትችያለሽ?»

«እንጃ... እኛ ኮምፒውተር ላይ ነው የምንፈታው። ብሎኑን በማውዝ ስትጫነው ይወጣል። ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን እጄ ግሪስ አልነካም።»

እጇን አየሁት። ከእኔ ጋር ሞተር እየፈታች ያደገች ልጅ... ጥፍሯ ንጹሕ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ ሰጠኋትና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ አወረደች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የናፍጣውን ቱቦ በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ ቦታ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። ቆርጣ መልሳ አሰረችው።

ማሳውን በእኩል የሚያርስልኝ ሰይድ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ከለከለችው።

«ቆይ ጋሼ ሰይድ። አንድ መፍቻ ጎድሏል።»

«ይጉደላ። ሽንኩርቱ እየሞተ ነው።»

«እኛ ጋ መፍቻ የገባበት ካልታወቀ አውሮፕላን አይነሣም። ሞተሩ ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ?»

«ወላሂ ይሄ እንኳን ሊበር፣ ከቦዩ ዳር ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።»

አልሰማችውም። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ ሦስታችንም ሳር ስንበረብር ቆየን። አስራ ሶስት ቁጥሩ መፍቻ ሰይድ ከተቀመጠበት ጆንያ ሥር ተገኘ።

ሞተሩ ተነሣ። ውሃው ቦዩን ይዞ ሲወርድ ልጄ እጇን አልታጠበችም። ግሪሱን እያየች ቆመች...

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ማሳ ወርጄ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። አስራ ሶስት ቁጥሩ የለም። ደወልኩላት።

«እኔ ጋ ነው አባዬ... ኮምፒውተሩ አጠገብ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ተቆጣህ?»

«መፍቻ ጎድሎ ሞተሬን እንዴት ላስነሣ?»



«የት እንዳለ አወቅክ አይደል... አሁን አስነሣው።»

አስነሣሁት። ገበያው ላይ አስራ ሶስት ቁጥር መፍቻ ሞልቷል... አልገዛሁም። ሳጥኑ ውስጥ ቦታው እሷ እስክትመጣ ክፍት ይቆይ።