የሬሳ ሁሉ ወንድም

ፈንታውን ሰነፍ የሚሉት ለቅሶውን ያልሰሙ ናቸው። መኪና የገጨው መንገደኛ ጠያቂ አጥቶ ሬሳ ክፍል ሲከርም፣ ፈንታው ደረቱን እየደቃ ከች ይላል። «ወንድሜን! የናቴን ልጅ!» እያለ መሬት ላይ ይንከባለላል። ዘበኛው አላምረው ድርሻውን ያውቃልና አብሮት ዓይኑን ይጠርጋል። ሬሳው ተገንዞ ፒክአፕ ላይ ይጫናል። የሚሄደው ግን ወደ ቀብር አይደለም፤ ሩቅ ከተማ ለሕክምና ተማሪዎች ገላ ወደሚያቀርብ ደላላ ነው። «አፈር ከሚበላው ተማሪ ቢማርበት ምናለ?» ይላል ፈንታው፤ ሆዱ አምላኩ!

ስም የማይጠራበት ለቅሶ ግን ለቅሶ አይባልም፤ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ ፈንታው ላገኘው ሬሳ ሁሉ የታላቅ ወንድሙን የፍቅሩን ስም ይሰጠዋል። ፍቅሩ በአፋር በረሃ አድርጎ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እናም አንዴ ዋጃ፣ አንዴ ቆቦ ሲሞት ከረመ። የትውልድ ቀያቸው ሮቢት ላይ ብቻ አይሞትም፤ እዚያ እናታቸው አለች።

አንድ የገበያ ቀን እናቱ ጥሩወርቅ እህል ልትሸጥ ቆቦ መጥታ ሳለ፣ ጎረቤቷ እየሮጠች ደረሰች።

«ኧረ እትዬ ጥሩወርቅ! ፈንታው ‹ፍቅሩ ሞተ› ብሎ ሆስፒታሉ በር ላይ ወድቋል!»

ጥሩወርቅ እህሏን ጥላ ነጠላዋን እየጎተተች በረረች፤ ገበያተኛውም ተከተላት። ፒክአፑ ሊነሳ ሲል ደረሰች።

«ቁም! የልጄን ፊት ሳላይማ አትወስደውም!»

«እማ፣ ፊቱ ተጎድቷል፤ ይቅርብሽ» አለ ፈንታው፣ እጁን ዘርግቶ። ገፍታው ፒክአፑ ላይ ወጣችና መግነዙን ፈታች።

«ልጄ አይደለም! ተመስገን!» ብላ ሬሳ አጠገብ ቆማ እልል አለች። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። ከዚያ ፈንታውን አየችው። «ታዲያ አንተ ማንን ነው የምታለቅስ?»

የፒክአፑ ሾፌር ሕዝቡን ፈርቶ «እኔ የለሁበትም! ለደላላው አድርስ ነው ያለኝ፣ እንደ ሌላ ጊዜው!» ብሎ ዘረገፈው።

ጥሩወርቅ አልጮኸችም። የሰውን ልጅ ፊት መልሳ ሸፈነች።

«የኔንስ ልጅ» አለች፣ «በወደቀበት አገር እንዳንተ ያለ ወንድም አልቅሶለት ይሆን?»

ፈንታው ይህን አስቦት አያውቅም። ወንድሙ የሕክምና ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ታየው። «ፍቅሩ! ወንድሜን!» ብሎ መሬት ላይ ተደፋ። እንባው የእውነት ነበር፤ አልቆም አለው።

ከሕዝቡ መሀል አንዱ «አቤት ሲችልበት!» ብሎ አጨበጨበ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያም እንግዳውን ሬሳ ተሸክሞ ወደ ቀብር ሄደ፤ እናቱም ፈንታውን ዞር ብላ ሳታየው አብራ ሄደች።