ጭንቅላት ያዥ

በእኛ ቀዬ ጥርስ ሲነቀል ጭንቅላት የሚይዘው የሥጋ ዘመድ ነው። ባዕድ ከያዘው ቂም ይተርፋል ይባላል። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የዘጠኝ ዓመት እህቴ መንጋጋዋ ሲያብጥ አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ያዛት» አሉኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ኮራሁ።

ጥርስ ነቃዩ በቀየት ገበያ የሚታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጉጠታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። እህቴን ደጅ አውጥተን ቁርበት ላይ አጋደምናት። አባቴ እግሯ ላይ ተቀምጠው እጆቿን ያዙ፤ እኔ ጭንቅላቷን በጉልበቶቼ መሐል ቆልፌ አገጯን ወደ ታች ጎተትኩ። ጥርሱ ሲሰበር ንዝረቱ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። ሽማግሌው ሥሩን ፍለጋ እንደገና ገቡ። ድዷን ቀደዱት፤ ደሟ ሱሪዬን አራሰው። ያኔ አንድ እጇን አስለቅቃ አነሣች። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ያዥ የተነሣ እጅ ሲያይ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አፈፍ አድርጌ ከመሬቱ ጋር አጣበቅሁት። ትንሿ ጣቷ መዳፌ ውስጥ ቀጭ አለች።

«አያያዙን ተመልከቱ» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እየታጠቡ።

ከዚያ በኋላ ከዘመድ አዝማድ ጥርሱን ያመመው ሁሉ እኔን ያስጠራ ጀመር። አጎቴን ያዝኩ፤ አክስቴን ያዝኩ፤ አንዱ የአጎቴ ልጅ ጭኔን ነክሶ ሥጋ ሊገነጥል ምንም አልቀረው። ጎበዝ መባል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። የእህቴ ጣት ግን እንደተቆለመመች ቀረች። እኔንም «ወንድም ጋሼ» ማለቷን ተወች።

ዓመታት አልፈው፣ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ፊቷ እስከ ዓይኗ አብጦ መጣች። በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ስንገባ አፏን በነጠላ እንደያዘች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ እብጠቱን የሚያጎድል መድኃኒት ለሳምንት ሰጣት። ስንመለስ ጥርሱ የግድ መውጣት አለበት አለ፤ መግሉ ወደ አንገቷ ከወረደ ትንፋሿን ይዘጋል።

«ሰው ከሚይዘኝ ልሙት» አለች። እኔን እያየች ነበር።

«ማንም አይይዝሽም» አላት ሐኪሙ። የሚያስቅ ጋዝ የሚሉት ነገር ነበረው፤ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ የሚሳብ። እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ የሚላትን ሁሉ እንደምትሰማ ነገራት። ጋዙ ፍርሃቱን ያላላል እንጂ ድዱን የሚያደነዝዘው መርፌው ነው። ጣቶቿን ውርር ሊያደርጋት ይችላል፤ ሊያስቃትም ላያስቃትም ይችላል። እርጉዝ መሆን አለመሆኗን፣ ሆዷን ሞልታ መጥታ እንደሆነ፣ ጉንፋን ይዟት እንደሆነም ጠየቃት፤ አፍንጫ ከተደፈነ ጋዙ አይገባም። ሲያልቅ ለጥቂት ደቂቃ ኦክስጅን ብቻ ስባ ትነሣለች። ዛሬ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሲያማክረኝ የምነግረው ይህንኑ ነው።

«ከሁሉ በላይ፣ ካልተመቸሽ እጅሽን አንሺ። ወዲያው አቆማለሁ» አላት።

እኔም ሰምቻለሁ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጭንብሉን አፍንጫዋ ላይ አደረገላት። ትከሻዋ ረገብ አለ። መርፌውን ወጋት፤ ቆይቶ መንቀያውን አነሣ። ያኔ እጇ ተነሣች፤ ቆልማማዋ ጣት ከፊቴ ቆመች። እግሬ መቼ እንደተንቀሳቀሰ አላውቅም። ከኋላዋ ሆኜ እጇን አፈፍ አድርጌ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጣበቅሁት፤ በሌላው እጄ ግንባሯን ተጫንኩ። «በርቺ፣ ሊያልቅ ነው» አልኩ። ያዥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።

ጭንቅላቷን አስለቅቃ የእጄን አንጓ ነከሰችኝ፤ ጥርሷ አጥንቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ሐኪሙ ደረቴን ገፍትሮ ከቁም ሣጥኑ ጋር አላተመኝ፤ ዕቃው ወለሉ ላይ ተበተነ። እህቴ ጭንብሉን ቦጭቃ ጣለችው።

«ይውጡ» አለኝ ሐኪሙ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ደሜን በመሐረብ ይዤ በበሩ መስታወት አየሁ። ታለቅሳለች፤ እሱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተነሥታ ትሄዳለች፣ በዚያው ትሞታለች፣ የገደልኳትም እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ራሴን ጠላሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጭንብሉን እንዲመልስላት ጠቆመችው። ሥራ ጀመረ። እጇን አነሣች፤ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ኋላ አለ። አወረደች፤ ቀጠለ። እንደገና አነሣች። እንደገናም።

በመጨረሻ ጥጥ ነክሳ ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በጣም አሞሽ ነበር?» አልኳት።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ እጅሽን ለምን ታነሺ ነበር?»

ቆልማማ ጣቷን በሌላው እጇ ያዘች።

«ያቆም እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች። «ሦስቱንም ጊዜ አቆመ።»