ለሰይድ ያወረድኩት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄን ጉንፋን ይዟት ሚስቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልታ፣ ልጅቷን በፎጣ ሸፍና ልታጥናት ሳሎን ውስጥ ብታስቀምጠው፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላውና እኔ የጀመርኩትን ምሳ ትቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሚስቴ ሽታው የከበደኝ መስሏት በሩን ከኋላዬ ዘጋችልኝ። ያ ሽታ ለእኔ የጉንፋን ሽታ ሆኖ አያውቅም። ሰይድ ነው የሚመጣብኝ፤ ሰይድ እንደ ልጄ በፎጣ ተሸፍኖ፣ ከፎጣው ስር በሻከረ ድምፅ "ዛሬ ይሻላል፣ አይደል?" እያለ ሲጠይቀኝ፣ እኔም "ይሻላል" እያልኩ ስዋሽ።

ያደግነው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የእነሰይድን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ ቆርቆሮው ከታች በኩል በዝገት ተበልቶ ስላለቀ የእነሱ ዶሮዎች እኛ ግቢ፣ የእኛዎቹ እነሱ ግቢ ይውላሉ፤ እናቴና የሰይድ እናት እማማ ዘይነብ እንቁላሉ የማን ዶሮ እንደሆነ ተከራክረው አያውቁም፣ ቀድማ ያየች ታነሳዋለች። ሰይድ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። አባቱ በየሐድራው፣ በየዱዓው ስብስብ፣ መንዙማ የሚያወጡ ስመ ጥር ሰው ነበሩ ይባላል፤ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ ድምፃቸው ግን ለልጃቸው ደርሶታል። ማለዳ ደሴ ከነጉሟ ተኝታ ሳለች ሰይድ ጓሮ ወጥቶ ፊቱን እየታጠበ ሲያንጎራጉር፣ እኔ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ እቀራለሁ። እናቴ "ደሞ ቆመ" ትላለች። አርፍጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተንበረከክሁባቸው ማለዳዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱን ስጠየቅ "ጎረቤታችን እየዘፈነ ነበር" ብዬ እንደማልመልስ የታወቀ ነው።

እማማ ዘይነብ ልጃቸው ዘፋኝ መሆኑን አልወደዱትም። "ድምፅ አማና ነው" ይሉት ነበር፤ "አላህ አደራ ብሎ የሰጠህ ነው፣ ኋላ ትጠየቅበታለህ።" እንዲህ ብለው ተቆጥተው ሳይጨርሱ፣ ሰይድ በጓዳው በኩል ሲጀምር ግን ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰሙት እንደነበር በአጥሩ ቀዳዳ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ ሰይድ ይዘፍንበት የነበረው የኪነት ቡድን ተበተነ። የሙዚቃ መሣሪያው መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፤ ዘፋኞቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ሰይድ ጥቂት ዓመታት እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠራ። እኔ በበኩሌ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አጥር ተደግፌ መንገደኛ የምቆጥር ወጣት ሆንኩ። ያኔ ነው ቤይሩት የምትሠራው እህቴ ኪቦርድ የላከችልኝ። እናቴ ፍሪጅ ትጠብቅ ስለነበር ካርቶኑ ተከፍቶ ጥቁርና ነጭ ጥርሱ ብቅ ሲል አየችውና "ይህስ ምን ያቀዘቅዛል?" አለች።

ኪቦርዱን ብቻዬን ከካሴት እየሰማሁ ተማርኩት። አንድ ቀን ሰይድ ከሥራ ሲመለስ፣ የመጋዝ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ፣ ድምፁን ተከትሎ በሩ ላይ ቆመ። የምጫወተው የአምባሰል ቅኝት ነበር፣ አንዷን ድምፅ እየሳትኩ። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና የሳትኳትን በአፉ ሰጠኝ። ከዚያን ቀን በኋላ አልተለያየንም። "ጋሼ ሰይድ" ማለቴን እንኳ ከልክሎኝ፣ "መድረክ ላይ አታስረጀኝ" አለኝ።

ሁለታችንም የምንኖረው በሙዚቃ ብቻ እንዲሆን ቆረጥን። ሰይድ እንጨት ቤቱን ለቀቀ፤ ትዳርም ያዘ። በሰርግ ወራት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ እስከ ሐርቡ ድረስ እየወረድን እንሠራለን፤ ሰርግ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎ ዛፎች ጥላ ስር እንጫወታለን። ባለቤቱ ጋሽ ሙሉጌታ ሙዚቃ የሚወዱ፣ ግን አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ቆመው የማይሰሙ፣ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚጠፋባቸው ሰው ነበሩ። ከደሴ በሹራብ ተሸፍነን እንነሳለን፤ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ውስጥ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይቀበለናል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችን ክንዳችን ላይ ነው።

ሰይድ ካሴት ማውጣትን ያስብ ነበር። ዐሥር ዘፈን ነበረው፣ ግጥሙም ዜማውም የራሱ። ለዚህ ሲል ሰርግ ላይ ቴፕ ይዞ የመጣ ሰው ካየ መዝፈኑን አቁሞ በትሕትና "ወንድሜ፣ ካሴቱ ሲወጣ ትሰማኛለህ፣ አሁን አጥፋልኝ" ይላል። ዘፈኑን ሰው ሰርቆ ቀድሞ እንዳያወጣበት ነው። እኔም ቴፕ ያየሁ እንደሆነ በዐይኔ እጠቁመው ነበር። ጥሩ ጠባቂ ነበርኩ።

ችግሩ የጀመረው ሐርቡ፣ በአንድ የጥር ሰርግ ላይ ነው። ሰይድ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ሴቶቹ እልል በሚሉበት ቦታ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሳቀ፤ ሰዉም ሳቀ፤ አቧራ ነው ተባለ። በሳምንቱ ግን ተደገመ። ዝንጅብል በማር፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ሞከረ። ጧት ጧት በባሕር ዛፍ እየታጠነ ይቆያል፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ኪቦርዱ ላይ ድምፁን በሙሉ በግማሽ እርከን ዝቅ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። አንድ እሑድ፣ ሰይድ ውሃ ሲጠጣ፣ አንድ ጊዜ ተጫንኳት። ዘፈነ፤ ድምፁ አልተሰነጠቀም። ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ባሕር ዛፉ ሠርቷል" አለኝ። ምን ልበለው? ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ ተጫንኩ። ከዚያም ሌላ። እኔ ቁልቁል ባወረድኩት ቁጥር እሱ እየተሻለው ያለ ይመስለው ነበር።

ሐኪም ዘንድ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ጉሮሮውን አየና በወረቀት ላይ ሥዕል ስሎ አስረዳን፤ የድምፁ ጅማት ላይ እባጭ ወጥቷል፣ ስድስት ወር አይዘፍንም፣ ጮክ ብሎም አይናገርም፣ ካልሆነ ይብስበታል። ሰይድ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ውጪ ስንወጣ መንገዱ ዳር ቆመና "የሰርግ ወር ሊገባ ነው" አለኝ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። እንጨት ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ሆቴሉም ስድስት ወር ዝም ለሚል ዘፋኝ ወንበር አያስቀምጥም።

"ዝምታ ምን ያበላል፣ ደረጀ?" አለኝ።

ያን ጊዜ "ተው፣ አንዘፍንም፣ እንደምንም እናልፈዋለን" ማለት ነበረብኝ። አልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን የእኔም እንጀራ ከእሱ ጉሮሮ ነበር የሚወጣው። "ቀስ እያልን እንሥራ" አልኩት። ቀስ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቁልፏን ማለቴ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው የሰርግ ወር ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ትልቅ ድንኳን ተጥሎ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰዉ ጠግቦ፣ ሙሽሮቹ ገና ገብተው ተቀምጠው ሳለ መብራት ጠፋ። ሰዉ እንደ ልማዱ "ኦ" አለ፤ ከበሮ መጣ፣ ተጨፈረ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ተመለሰ። ሰይድ ማይኩን አንስቶ ጀምር አለኝ። ጀመርኩ። ኪቦርዱ መብራት ከጠፋበት በኋላ ሲነሳ ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ እንደሚሆን በደንብ አውቅ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ግን ትዝ አላለኝም። መግቢያውን የተጫወትኩት አራት ግማሽ እርከን ወደ ላይ፣ በድሮው ልኩ ነው። ሰይድ ገባበት። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ታገለ፣ ሁለተኛው ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ፤ አፉ ክፍት ነው፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ኪቦርድ ብቻ ነው። ከሙሽራዋ ሚዜዎች አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። ሰይድ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ዐይኑን ወደ ጣቶቼ፣ ከጣቶቼ ወደዚያች ቁልፍ አወረደው። ማይኩን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ።

በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"ስንት ወረድክ?" አለኝ፣ በሹክሹክታ።

"አራት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሐርቡው ሰርግ ወዲህ።"

በመስኮቱ ወደ ጉሙ ዞሮ "ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?" አለኝ።

"እኔ እንጃ" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ያዘዘውን ዝምታ ዝም አለ፤ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። አዲስ አበባም ሄዶ ታየ። የተመለሰለት ድምፅ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ፣ ከአንድ ክንድ በላይ የማይሰማ ድምፅ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ እያዘኑ፣ ጠፍቶባቸው የነበረውን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ፣ ሌላ ዘፋኝ ከነኪቦርዱ ማግኘታቸውን ነገሩኝ። ከሌሎች ጋር ልሠራ ሞከርኩ፤ ጣቶቼ የሰይድን ትንፋሽ እየጠበቁ ሁሌም ይዘገዩ ነበር። በመጨረሻ ኪቦርዱን ሸጬ አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ።

እማማ ዘይነብን ማየት ፈርቼ ወር ያህል በሌላ በር ስወጣና ስገባ ከረምኩ። አንድ ጧት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። "ና ግባ" አሉኝ፤ "አብሽር ልጄ፣ የሰጠ ነው የወሰደው። አንተ ምን ታደርግ።" ቀጥለውም "ብቻ እንደ ወትሮው እየመጣህ አጠገቡ ተቀመጥ። ብቻውን ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ" አሉ። ሄድኩ። ጓሮ አብረን እንቀመጥ ነበር፣ ሁለት ሥራ ፈት፤ እሱ አይናገርም፣ ዶሮዎቹ በመካከላችን ይመላለሳሉ። ልጁ ስትወለድ አባት የሚለውን አዛን ጆሮዋ ላይ ያሉላት አጎቱ ናቸው፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሐርቡ ወረደ፤ ሙቀቱ ለጉሮሮው ይሻላል ተብሎ። እማማ ዘይነብም እዚያው አረፉ፣ አላህ ይማራቸው።

ካሴቱ አልወጣም። ከዐሥሩ ዘፈኖች አንዱም የትም የለም። ዛሬ የልጄ ማስነጠስ እንኳ ሚስቴ ስልክ ውስጥ አለ። የሰይድን ድምፅ አንድ ደቂቃ ባገኝ ብዬ ያኔ የተዘፈነላቸውን ሙሽሮች እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ አንድ ቤት የሰርግ ቪዲዮ ተገኘ። ሰይድ ድንኳን ውስጥ ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ይዘፍናል፣ እኔ ከጎኑ በሰፊ ኮት ውስጥ ጠፍቼ እጫወታለሁ፤ ቪዲዮ አንሺው ግን እንደ ዘመኑ ልማድ ከላዩ የሌላ ሰው ዘፈን ጭኖበታል። የሰይድ አፍ ይከፈታል፣ የሚወጣው የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው።

ዘንድሮ ለመውሊድ ሐርቡ ሄጄ ነበር። ሰይድ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ዘር፣ መኮትኮቻ፣ የውሃ ቱቦ ይሸጣል። ገበሬዎቹ ለምደውታል፣ ዋጋ ሲጠይቁ ጆሯቸውን ወደ አፉ ያስጠጋሉ። ያኔ ሆድ ውስጥ የነበረችው ልጁ ሐያት አስተማሪ ሆናለች፤ ለበዓሉ መጥታ ነበር። አባቷ ለአንድ ሽማግሌ የሽንኩርት ዘር ሲመዝን እኔ በሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እሷ ማንጎ ልጣ አቀረበችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ ደረጀ" አለችኝ ዝቅ ብላ፣ "የአባዬ ድምፅ እንዴት ነበር? እማዬን ስጠይቃት 'ጥሩ ነበር' ትለኛለች። አያቴም ሳለች እንደዚያው። እርስዎ ግን አብረውት ሠርተዋል።"

ልነግራት ፈለግኩ። ጧት በጉሙ ውስጥ እንዴት ይመጣ እንደነበር፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ እንዴት ይረሳ እንደነበር። ላንጎራጉርላትም አሰብኩ፣ አፌን ከፈትኩ፤ የእኔ ድምፅ መሆኑን ሳስብ መልሼ ዘጋሁት። ሰይድ ሚዛኑ ላይ እንዳጎነበሰ ነው፤ መስማቱን ያወቅኩት ዘሩን መጨመር ስላቆመ ነው። ልጅቷ በትዕግሥት ትጠብቀኛለች።

"ጥሩ ነበር" አልኳት።